ቆዳ ይለጠጣል

ያን ክረምት ሙሉ አባቴ ሊሞት ነው ብዬ አምን ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ትልልቆቹ የደበቁትን ነገር ሁሉ ሰው በራሱ ይደርስበታል፣ ያውም ቅንጣት ሳይጠራጠር።

ነገሩ የጀመረው በአክስቴ ነው። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ልብስ ማጠቢያና መተኮሻ ቤት ትሠራ ስለነበር፣ ስትገባ የትኩስ ጨርቅ ሽታ ይዛ ነበር የምትገባው። ያን ቀን ግን ሳትቀመጥ፣ ጃንጥላዋን እንኳ ሳታጥፍ፣ በቀጥታ ወደ አባቴ ሥራ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችው። እኔ በሩ ሥር ነበርኩ። ሁልጊዜም በሩ ሥር ነበርኩ።

«ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል አይደል?» አለችው። «ሳንባ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ጭስ እዚህ ቤት ውስጥ እንዳላየው!»

«ሰምቻለሁ።»

«መስማትማ ስንቴ ሰምተሃል! አሁን ግን ቀልድ የለም። የሞትና የሽረት ጉዳይ ነው።»

«እሺ» አላት አባቴ። አባቴ መልስ ጠፍቶት የማያውቅ ሰው ነበር፤ ከደንበኛም፣ ከጎረቤትም፣ ከአክስቴም ጋር ነገር ሲወራወር አይሸነፍም። እሺ ማለቱ አስፈራኝ።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሰሞን የሳይንስ መምህራችን ሁለት ሳንባ የተሳለበት ወረቀት ሰሌዳው ላይ ለጥፎ አሳይቶን ነበር። አንዱ ሮዝ ነው፤ ሌላው የከሰል ጆንያ ይመስላል። «ይሄ የሚያጨስ ሰው ነው» ብሎ ጥቁሩን በዱላው መታ መታ አደረገው። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረኝ? የሚያጨሰው አባቴ ነው፤ ሳንባው የአባቴ ነው፤ ሞቱም የአባቴ ነው። እናቴ በሕይወቷ ሲጋራ አፏ ላይ አድርጋ ስለማታውቅ፣ ስለ እሷ ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም።

አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። የቤታችን የፊት ክፍል ሱቁ ነው፤ ወደ መንገድ የሚከፈተው መስኮት ደግሞ ደንበኛ የሚስተናገድበት ቦታ። ግድግዳው ላይ ሰዓቶች ተደርድረው ተሰቅለዋል፤ ሁሉም የየራሳቸውን ጊዜ ነው የሚናገሩት። ትክክለኛው ጥግ ላይ የቆመው ባለ ፔንዱለሙ ብቻ ነበር። «ጤነኞቹ ከእሱ ጋር ይስማማሉ፤ የታመሙት እንደየሕመማቸው ነው» ይል ነበር አባቴ። ጥቁሯን ማጉያ መነጽር አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ሲጋራውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ባለች የቆርቆሮ ክዳን አስደግፎ ነው የሚሠራው። ጭሱ የሰዓቱ ሆድ ውስጥ እንዳይገባ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ያስወጣዋል።

ጎኑ ላይ እናቴ ትቀመጣለች። ሹራብ ሠርታ ትሸጥ ስለነበር ብርሃን ትፈልጋለች፤ ብርሃን ያለው ደግሞ እዚያ ክፍል ብቻ ነው። ትዳራቸው ያለፈው በዚያች ክፍል ነው ማለት እችላለሁ፤ እሱ ብሎን ሲፈታ፣ እሷ ሱፍ ስትቋጥር፣ ሲቀላለዱ፣ ሲጣሉ፣ ሲታረቁ። ጭሱ ከእሱ አፍ ወጥቶ በእሷ ራስ ላይ አልፎ ነበር በመስኮቱ የሚወጣው። ያኔ መንገዱን ያወቀ ነበር የሚመስለኝ። ስትስል «ሱፉ ነው፤ ብናኙ ጉሮሮዬ ገብቶ» ትላለች። ሁላችንም ሱፉ ነው እንል ነበር።

አክስቴ በመጣች በማግስቱ ሆስፒታል ሄድን፤ እኔንም የሚጠብቀኝ ስላልነበረ ይዘውኝ ሄዱ። እናቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። አንዲት ነርስ መጥታ አባቴን ፊት ለፊት አስቀምጣ መምከር ጀመረች። የምትመክረው እሱን ነው፤ ዓይኑን የምታየው እሱን ነው፤ ወረቀት የሰጠችው ለእሱ ነው። እናቴ እሱን ልታስታምም የመጣች መሰለችኝ።

«ሐራራው ሲመጣብዎ አይደንግጡ» አለችው ነርሷ። «ይመጣል፣ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ያልፋል። ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው። ሰዓትዎን ይዩ፣ ውሃ ይጠጡ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ።»

«እህቴ፣ ሌላ ነገር ብታዢኝ ይቸግረኝ ነበር» አላት አባቴ። «ሰዓት ግን ቤቴ ሞልቷል።»

እናቴ ሻርፗ ውስጥ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት። አባቴ ዞር ብሎ አያት፤ የራሱ ቀልድ ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁ።

በዚያው ዕለት የቆርቆሮዋን ክዳን ቆሻሻ ውስጥ ጣላት። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሆነውን ነገር እንዴት ልንገራችሁ? ያ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ብሎን በጉጠት አንስቶ ቦታዋ ላይ የሚያስቀምጥ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብሎኗ ታመልጠዋለች፤ እኔ ማግኔት ይዤ ጠረጴዛ ሥር እገባለሁ። ስንጥር ያኝካል፣ ከረሜላ ይቆረጥማል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ሻይ ስጠጣ ድምፅ አሰማሽ ብሎ ይጮህብኛል፤ ወዲያው ደግሞ ጠርቶ ራሴን ይስመኛል። አንድ ደንበኛ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «አልደረሰችም እንዴ?» ቢለው፣ «ከቸኮልክ ፀሐይዋን እያየህ ሂድ!» አለው። ሰማዩ ደመና ነበር። ሰውየው ሰዓቱን ተቀብሎ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣ።

እኔ ይህን ሁሉ ሕመሙ ነው ብዬ ታገስኩት። ዳቦዬን ቆርሼ እጨምርለት ነበር። ሲተኛ አጠገቡ ቆሜ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን እከታተላለሁ። በዚያው ክፍል፣ በዚያው አልጋ፣ እናቴ ትራስ በትራስ ላይ ደራርባ ቁጭ እንዳለች ትተኛ ነበር። መተኛት ያልሆነላት ስለ እሱ አስባ ነው አልኩ።

እናቴ አንዲት ሰዓት ነበረቻት፤ አባቴ ሊያገባት ሲል የሰጣት፣ ፊቷ ወርቃማ፣ ማሰሪያዋ ቡናማ ቆዳ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጇን ስታነሳ ሰዓቷ ተንሸራትታ ወደ ክርኗ ወረደች።

«ላላችብኝ» አለችው ፈገግ ብላ።

አባቴ ማሰሪያውን ፈታ። እጇ ላይ ለክቶ በጥፍሩ ምልክት አደረገ። ከዚያ ቆዳውን እንጨት ላይ ዘርግቶ፣ ቀጭኗን ወስፌ ምልክቱ ላይ አቁሞ በትንሿ መዶሻ መታት። አዲስ ቀዳዳ ወጣ። እኔ አፌን ከፍቼ ማየቴን አየና፣ «ቆዳ ነው፤ ቆዳ ይለጠጣል» አለኝ። አሰረላት። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ወጥቶ ዝናብ ላይ ቆመ።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ቀዳዳ አስፈለገ። ከዚያ ሌላ። ሁሌም እንዲሁ ነው፤ ይለካል፣ ይመታል፣ «ቆዳ ይለጠጣል» ይላል፣ ይወጣል። ሐራራው ከሁሉ የባሰ የሚነሳበት ወስፌዋን ሲያነሳ እንደሆነ ልብ አልኩ። ወስፌዋን ደብቄ ብገላግለው ብዬም አስቤ ነበር።

ቆዳ ይለጠጣል፣ እውነት ነው። ግን በአንድ ክረምት ያን ያህል አይለጠጥም። ይህን ከአባቴ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስንት ማሰሪያ ቀይሯል። ቆዳው እንዳለ ነበር። ያለቀችው እናቴ ናት። ሌላው ቤተሰብ ይህን ነገር ከፊት መክሳት ያያል፣ ከቀሚስ መስፋት ያያል። አባቴ ግን በገዛ ወስፌው ለክቶ፣ በገዛ መዶሻው ነበር የሚመታው።

ከጎረቤታችን አንድ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ «ፈገግ በሉ» ነው የሚለው። ለመታወቂያ የሚነሳውንም፣ ለቀብር ፎቶ የሚያሳድገውንም «ፈገግ በሉ!» ይላል፤ ራሱ ግን ፈገግ ሲል ታይቶ አይታወቅም። እሱና አባቴ በሁለቱ ሱቆች መሐል ባለው ግንብ ተደግፈው ለዓመታት አብረው አጭሰዋል።

አንድ ቀን ዝናቡ እንዳባራ አባቴን አጣሁት። ጠረጴዛው ላይ ወስፌዋና መዶሻዋ እንደወደቁ ነው። ጓሮ ዞርኩ። ከውሃ ማጠራቀሚያው በርሜል ጀርባ ቆሟል፤ አፉ ላይ ሲጋራ፣ ከፊቱ ፈገግ በሉ ክብሪት ይዞ ነበልባሉን በመዳፉ ከልሏል።

ሮጬ እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ። «አባዬ፣ አትሙትብኝ!»

«እኔ?» አለ።

«ሳንባህ! አክስቴ ስትነግርህ ሰምቻለሁ! መምህራችንም ሥዕሉን አሳይቶናል፣ ጥቁር ነው! ካጨስክ ትሞታለህ!»

አባቴ ፈገግ በሉን አየው። ፈገግ በሉ ጫማውን አየ። ክብሪቱ ጣቱን አቃጥሎት ጣለው።  አባቴ ሲጋራውን የዝናቡ ኩሬ ውስጥ ወርውሮ፣ እኔን እስኪያክል ቁጢጥ አለ።

«እሺ» አለኝ። «አልሞትም።»

«ማል!»

«አንቺ ከጠበቅሽኝ አልሞትም።»

«የታመመችው እናትሽ ናት» ማለት ይችል ነበር፤ ቦታውም ጊዜውም ያ ነበር። አላለም። ለምን እንዳላለ ጠይቄው አላውቅም፤ ግን ያን ጊዜ ያየኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የሚሞተው እሱ የሆነባት አንዲት ዓለም እንዳለች፣ እኔ እዚያ ውስጥ እንደምኖር ድንገት ገባው። እዚያ መግባት የፈለገ ይመስለኛል።

ማታውኑ ለእናቴ ሲነግራት በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ቃሉ አይለይም። እናቴ ስትስቅ ግን ሰማሁ።

በማግስቱ እናቴ ጠራችኝ። «ነይ እስቲ፣ እጅሽን» አለች። ሰዓቷን ከእጇ ፈትታ እኔ እጅ ላይ አሰረችው፤ አባቴ መጨረሻ በበሳት ቀዳዳ። ልክክ አለች።

«ልክሽ ናት!» አለች እናቴ።

አባቴ ፊቱን ወደ ሰዓቶቹ አዞረ።

«ከዛሬ ጀምሮ የአባትሽ ጠባቂ አንቺ ነሽ። ሐራራው ሲመጣበት ደቂቃውን በዚህች ትይዢለታለሽ። እኔ ደከመኝ፣ እሺ የኔ እመቤት?»

የደስታዬ ብዛት! ከክፍላችን ልጆች የእውነት ሰዓት ያሠረ አልነበረም። የአንዲት ትልቅ ሴት ሰዓት ለእኔ ልክ መሆኗ፣ እኔ ማደጌ ነው ብዬ ለሁሉም አወራሁ።

ሥራዬን አከበርኩ። ሐራራው ሲነሳበት «አለቃዬ፣ መጣ» ይለኛል። ጉጠቱን ያስቀምጣል፣ ማጉያውን ከዓይኑ ያነሳል፣ እኔ ፊቱ ቆሜ እጄን ከፍ አደርጋለሁ። ሁለታችንም ቀጭኗን የሰከንድ ቆጣሪ እያየን በረጅሙ እንተነፍሳለን።

«አለፈ?»

«አላለፈም።»

እንጠብቃለን። 

«አሁንስ?»

«አለፈ፣ አለቃዬ።»

ከውስጥ ክፍል እናቴ ትጠይቃለች፤ አልጋዋ መስኮት ሥር ተዛውሯል። «አለፈለት?»

«አለፈለት!»

«ጎበዝ» ትላለች፤ ያቺን ቃል ለማውጣት ትንፋሿን ማጠራቀም ነበረባት።

አባቴም ተሻለው። እጁ ረጋ፣ ብሎን መጣል ተወ፣ ከረሜላው ጉንጩን ሞላው። አክስቴ ልብሷን በሻንጣ ይዛ እኛ ጋ ገባች፤ አባቴን ልታስታምም ነው አልኩ። ግን ለእሱ ሾርባ ስትሠራ አላየሁም። አንድ ቀን ማድ ቤት ውስጥ፣ «አሁን ብትተው ምን ዋጋ አለው?» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። አባቴ፣ «ሌላ ያዘዙኝ ነገር የለማ» አላት። «ሌላ ነገር ቢያዙኝ እሱንም አደርግ ነበር።»

 ያ ሰው ማንኛውም ዓይነት ዕቃ ተበላሽቶ ቢመጣለት ከፍቶ አይቶ ይሠራው ነበር። ይህን ግን የሚከፍትበት መሣሪያ የለውም። የሰጡት ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ አለማጨስ። እሱን በሚገባ ከሠራ አንድ ነገር የሚመለስ መስሎታል። ሲጋራው ነው ያሳመማት ወይ ብዬ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ አንድ ሐኪም ጠይቄ ነበር። «ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል» አለኝ። አባቴ ግን ማንንም አልጠየቀም።

ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ ሦስቱም ሆስፒታል ሄደው በጊዜ ተመለሱ። ሁልጊዜ ይዘውት የሚመጡት የመድኃኒት ከረጢት አልነበረም። አክስቴ በቀጥታ ማድ ቤት ገብታ የታጠበውን ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመረች። አባቴ ሥራው ላይ ተቀመጠ። እናቴ ካልጋዋ ሆና በእጇ ጠራችኝ።

«ፈገግ በሉ ዘንድ ሂጂና አንድ ሲጋራ ስጠኝ በዪው። ለአባትሽ።»

«እምቢ!»

«ለምን?»

«ይሞታላ!»

ድምፅ በሌለው ሳቅ ሳቀች። ጸጉሬን ከግንባሬ ላይ ገለል አደረገች፤ ጣቷ ቀዝቃዛ ነበር። «አይሞትም። ሐኪሙን ጠይቄ ነው የመጣሁት። ከእንግዲህ ቢያጨስም ምንም አይልም።»

«ድኗል ማለት ነው?»

መስኮቱን አየች። «አዎ» አለች። «አባትሽ ደህና ነው።»

እንዴት እንደሮጥኩ! «አባቴ ዳነ!» እያልኩ ነው የወጣሁት። ለዳቦ ሻጭዋ ነገርኳት፣ ጫማ ለሚሰፋው ሰውዬ ነገርኩት፤ ፈገግ በሉ ሱቅ ስገባ አንድ ጎረምሳ ለፎቶ ቁጭ ብሎ ነበር። «አባዬ ድኗል! እማዬ አንድ ሲጋራ ስጠው ብላለች፣ ሐኪሙ ፈቅዷል!» አልኩት። ፈገግ በሉ ከካሜራው ቀና አለ። ፓኬቱን ከኪሱ ሲያወጣ ሲጋራው ሁለቴ አመለጠው።

«አንተም ፈገግ በል እንጂ!» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አባቴ ማጉያዋን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ምንም ሰዓት የለም። ሲጋራውንና ክብሪቱን ፊቱ አስቀመጥኩለት።

«ማነው ይሄን የሰጠሽ?»

«እማዬ ናት የላከችኝ። ከእንግዲህ ብታጨስም ምንም አይልም። ድነሃል፣ አባዬ!»

ማጉያዋን አወለቀ። የዓይኑ ዙሪያ ክብ ሆኖ ቀልቷል። ወደ ውስጥ ክፍል አየ፤ በሩ ክፍት ነው።

«አጭስ፣ የኔ ጌታ» አለች እናቴ። «በቃህ።»

«አላጨስም።»

«እኔ ነኝ ያልኩህ።»

«አላጨስም አልኩ! ትቻለሁ! ጨርሶ ትቻለሁ፣ ልጅቷን ጠይቂያት!» እንደ ልጅ ነበር የሚሟገተው። እሺ ካለ፣ ያን ከለኮሰ፣ የሐኪሙን ወሬ ተቀበለ ማለት ነው። ያኔ አልገባኝም። እኔ በገዛ ጤናው የሚከራከር ሰው ሆኖብኝ፣ «አጭስ እንጂ! ድነሃል እኮ!» እያልኩ ክንዱን ጎተትኩት።

«ሽታው ናፍቆኛል» አለች እናቴ ከውስጥ። «ያንተ ሽታ እሱ ነበር።»

አባቴ ያን ጊዜ ሲጋራውን አንስቶ አፉ ላይ አደረገ። ክብሪቱን ሲጭር ተሰበረ። ሁለተኛውም ተሰበረ። እኔ ተቀብዬው ጫርኩለት። አንዴ ሳበ። ጭሱ እናቴ ትቀመጥበት በነበረው ባዶ ወንበር ላይ አልፎ፣ እንደ ድሮው በመስኮቱ ወጣ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ከቆየ በኋላ ስላጨሰ ነው አልኩ።

«አለቃዬ» አለኝ። «መጣ።»

ሲጋራው በእጁ እያለ እንዴት ሐራራ ይመጣበታል? ግን ሥራዬ ነውና ፊቱ ቆሜ እጄን ከፍ አደረግኩ። ሁለታችንም ቀጭኗን ቆጣሪ አየን። በረጅሙ ተነፈስን። ሲጋራው ዳግም ሳይሳብ በጣቶቹ መሐል አመድ እየሆነ አለቀ።

«አለፈ?»

«አላለፈም።»

አምስት ደቂቃው ሞላ። ስድስተኛውም ተጨመረ። እጄ ደከመኝ፣ በሌላኛው እጄ ደገፍኩት።

«አሁንስ አባዬ?»

ራሱን ነቀነቀ። ከውስጥ ክፍል እናቴ «አለፈለት?» ብላ ጠየቀች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን ብዬ እንደምመልስላት ጠፋኝ።

አባቴ ከዚያች ቀን በኋላ ሲጋራ በአፉ አላደረገም። አሁን አርጅቷል፤ የሚኖረው እኔ ጋ ነው። ሰዓቷ እጄ ላይ ናት። እናቴ ወደ ውስጥ የሄደችባቸውን ቀዳዳዎች እኔ ወደ ውጭ እየተመለስኩባቸው አደግኩ፤ ዛሬ የማስራት በመጀመሪያዋ፣ ፋብሪካው በበሳት ነው። አንዳንድ ቀን አባቴ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ እጁ ባዶ ጠረጴዛ ላይ የሌለ ብሎን ሲፈልግ አያለሁ። መጣበት ማለት ነው። ወንበር ስቤ ፊቱ እቀመጥና እጅጌዬን ሰብሰብ አደርጋለሁ፣ ቀጭኗን ቆጣሪ አብረን እናያለን።